ቤቱ ለዳኒ

ድርኒሽ ከተማ አጠገብ ባለው መንደራችን የክሮኤሽያ ቋንቋ አስተማሪዋ ዳና ሳታስለቅሰው ያለፈ ልጅ የለም። እኔንም አስለቅሳኛለች። በቋንቋችን የስም መጨረሻ እንደ አገባቡ ይለዋወጣል፤ አንድ ነገር የሚሰጠው ሰው ስምም የራሱ መጨረሻ አለው። «ለማን?» እያለች በማስመሪያ ጣታችንን ትመታ ነበር። ዳኔ ወንድ ነው፣ ዳና ሴት ናት፤ ሲሰጣቸው ግን ሁለቱም «ዳኒ» ይሆናሉ።

«ስለዚህ ቅጽል ጨምሩ፣ እናንተ ድንጋዮች» ትለናለች። «ለውዱ ዳኒ፣ ለውዷ ዳኒ። ስም ያለ ቅጽል ዕውር ነው።»

ባሏ ልጅ ሳትወልድለት ሞተባት። ጡረታ በወጣች ማግስት አማቷ ቶንካ አልጋ ያዘች። ዳና አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠበቻት፣ አጎረሰቻት፣ የእግር ጥፍሯን ቆረጠችላት። የቶንካ ሌላው ልጅ ዳኔ ከሙኒክ በዓመት አንዴ ቸኮሌት ይዞ ብቅ ይላል። ዳና ከአማቷ ቤት ሌላ መግቢያ አልነበራትም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አሮጊቷ ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጣች።

«ነይ እስቲ፣ አስተማሪዋ። ቤቱን ለዳና ሲባል እንዴት ነው የሚጻፈው?»

ዳና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ዳኒ ተብሎ ነው፣ እማማ።»

«ለዳኔ ቢሆንስ?»

«ያው ነው። ግን እማማ፣ 'ለምራቴ' የሚል ቢጨምሩበት...»

«እኔም ተማሪሽ ሆንኩ እንዴ?» አለች አሮጊቷ፤ እየሳቀች ጻፈችና ወረቀቱን አጥፋ ትራሷ ሥር ከተተችው። ዳና በዚያ ሳምንት ስትዘፍን ሰምተናታል።

ከአሮጊቷ ቀብር በኋላ ኑዛዜውን የከፈተው ስልቪዮ የሚባል ውል አዋዋይ ነው፤ እሱም ተማሪዋ ነበር።

«'ቤቴን ለዳኒ።' ሌላ ነገር የለበትም» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ዳና።

«እኔም ነኝ» አለ ዳኔ።

ስልቪዮ ጣቱን አሻሸ። «ቲቸር፣ ቅጽል የለውም እኮ። ያለ ቅጽል...»

ለማን እንደሆነ ካልታወቀ ቤቱ ለሥጋ ልጅ ነው ተባለ። አሮጊቷ ለማን አስባ እንደጻፈችው ብትጠይቁኝ፣ ለማንም አይደለም እላለሁ። ያቺ ክፉ እየሳቀች መሞት ነበር የፈለገችው።

ዕቃዋን ልንጭንላት የሄድን ቀን ዳኔ በሩ ላይ ቆሞ መዳፉን ዘረጋ።

«እትዬ ዳና፣ ቁልፉ ለማን ነው?»

እኛም ሰማን። አርባ ዓመት ያስተማረ አፍ ነውና ሳያስበው መለሰ።

«ለዳኒ» አለችና ሰጠችው።