ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን

ሲወስዱኝ እጄ ላይ ግራሶ ነበር። "ልታጠብ" ብላቸው አንዱ ፖሊስ "እዚያ ትታጠባለህ" አለኝ። ወሬ ነው! እዚያ የሚጠጣ ውሃ እንኳ የሚገኘው በልመና ነበር። ከሚሴ ያን ጊዜ ዛሬ እንደምታዩዋት አይደለችም። የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ግራና ቀኝ ጥቂት ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ ከዚያ የእኔ ጋራዥ። ጋራዥ ስል አንድ ግራርና አንድ ጉድጓድ ማለቴ ነው። ከጋራዡ እስከ ፖሊስ ጣቢያው በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። ሰው ሁሉ እያየኝ በሁለት ጠመንጃ መሐል ስሄድ "ምን አድርጌ ነው?" የሚለውን ስንት ጊዜ እንደጠየቅሁ አላውቅም። 

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ነቀዝ የበላው ማሽላ ይሸታል። ጣሪያው በፀሐዩ ይንጣጣል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ምንም አልታየኝም፤ ቆይቶ ቆይቶ ነው ዓይኔ ሰው መለየት የጀመረው። አራት ከብት አርቢዎች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የጨፋ ሰዎች ናቸው፤ የግጦሽ መሬታችን በወረዳው ሹም ተወሰደብን ብለው አቤቱታ ላይ ጣታቸውን ስላሳረፉ ታስረው ወር አልፏቸዋል። አምስተኛውን ሰው ሳይ ግን ክው አልኩ። የሹሙ ሾፌር ናቸው።

"አያ ሾፌር! እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

"ያ ረቢ!" አሉ ፂማቸውን ይዘው። "አንተንም አመጡህ?"

የሹሙ መኪና ከሰንበቴ ሲመለስ መገልበጡን ሰምቻለሁ፤ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። የሹሙ እግር ተሰብሯል፤ ከኋላ የነበረው ዘበኛ ሞቷል። አዝኛለሁ፣ ዘበኛውን አውቀዋለሁና። ነገሩ ከእኔ ጋር ይገናኛል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። ሾፌሩ ነገሩኝ። ቁልቁለቱ ላይ ከፊት ጧ የሚል ድምፅ ሰሙ፤ የመኪናው ቦዲ ከሻንሲው፣ ከታችኛው የብረት አጽም ላይ ተንሸራተተ፤ መሪው እንቢ አለ። ፖሊሶች መኪናውን ሲያዩ ቦዲውን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩት የፊት ሁለት ብሎኖች ተበጥሰዋል። ከአራቱ አርቢዎች አንዱ ደግሞ የሾፌሩ ታናሽ ወንድም ነው። እንግዲህ ነገሩን ገጣጠሙት። ወንድምየው በሹሙ ላይ ፈረመ፣ ሾፌሩ ብሎን አላላ፣ መካኒኩ አበረ። ሴራ ሆነ ማለት ነው። የዚህ ፍርድ ደግሞ ገመድ ነበር።

"ብሎን አላልታችኋል ነው የሚሉት" አሉ ሾፌሩ። "ወላሂ፣ ከተወለድኩ ብሎን አላልቼ አላውቅም!"

እውነታቸውን ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ያን መኪና የሠራሁት እኔ ነኝ። የመኪና ቦዲ ሻንሲው ላይ እንዲሁ አይቀመጥም፤ በመሐል የጎማ ትራስ አለው፣ ብሎኑ በዚያ ውስጥ ያልፋል። ከላላ ቦዲው ይንጫጫል። ከልኩ በላይ ከጠበቀ ደግሞ ብሎኑ ይሳባል፤ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ አቅሙ ያልቃል። ይኼን ያስተማረኝ ደሴ ጋራዥ የነበረ ጣሊያን ነው። መርፌ ያለው መፍቻ ነበረው፤ እጀታውን ስትስብ መርፌው ቁጥር ላይ ይሄዳል። ሲሄድ መፍቻውን ሰጥቶኝ ሄደ። ከደሴ እስከ ደብረ ሲና እንዲያ ያለ መፍቻ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ ስጎርር ነበር፤ ጉራዬ አይጣል ነው። የሹሙን መኪና አሮጌ ትራሶች አውጥቼ አዲስ አገባሁ፤ እያንዳንዱን ብሎን በመርፌው ልክ አሰርኩ። አዲስ ትራስ ግን ሲነዱበት ትንሽ ይረግጋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ አንድ ጊዜ ብሎኑን ማጥበቅ ያስፈልጋል። ለሾፌሩ ተራ መፍቻ ሰጠኋቸውና "አያ ሾፌር፣ አደራ፣ ብሎኖቹን ጠበቅ ያድርጓቸው" አልኩ። አንድ የጭነት መኪና ጡሩንባውን እያስጮኸ ይጠብቀኝ ነበርና ዞር አልኩ። ያልኩት ይኼን ብቻ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት መቶ አለቃው አስጠራኝ። የጣቢያው አዛዥ ነው፤ ፈርጣማ፣ ንጹሕ የለበሰ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው። ጠረጴዛው ላይ የተጻፈ ወረቀትና የተበጠሰ ብሎን አለ።

"አንተ ባለሙያ ነህ" አለኝ። "ከእነዚህ ሰዎች ጋር ምን አገናኘህ? ሾፌሩ ብሎኑን አላልቶት እንደነበር አይቻለሁ ብለህ ፈርም፤ ምሳህን ቤትህ ትበላለህ።"

"ልየው ጌታዬ" ብዬ ብሎኑን አነሳሁ።

በማርያም! ላልቶ የወደቀ ብሎን ጎኑ ይላጋል፣ ጥርሱ ይበላል። ይኼኛው አንገቱ ላይ ቀጥኗል። ጥርሶቹ እርስ በርስ ተራርቀዋል። ብረቱ እንደ ሊጥ ተስቧል። እንዲህ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መፍቻ ላይ ቧንቧ ሰክቶ በሙሉ ጉልበት መግፋት። አንዴም አይደለም፣ ደጋግሞ።

"ምነው፣ ጠፋብህ?" አለኝ መቶ አለቃው።

"እስከ ነገ ይስጡኝ" አልኩት። 

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሾፌሩ ለሞተው ዘበኛ ዱዓ እያደረጉ ነው። አብረው ስንት ዓመት ከአንድ ከረጢት ቆሎ የቆረጠሙ ሰዎች ናቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"አያ ሾፌር፣ ያን ብሎን ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ደግመው ነክተውታል?"

ፊታቸው በራ። "እንዴታ! አደራ ብለኸኝ የለ? ሁልጊዜ ጠዋት ሳንነሳ ዙሪያውን እሄዳለሁ፤ ለእያንዳንዱ ብሎን ቢስሚላህ እያልኩ አንድ አንድ ጊዜ አጠብቃለሁ። መፍቻህ አጭር ናት፣ የውሃ ቧንቧ ሰካሁባት። ሹሙ ራሳቸው 'ዘንድሮስ መኪናዋ አትንጫጫም' ብለው አመሰገኑኝ።"

ሃያ ቀን! በየቀኑ!  ሰውየው ብሎኑን የሰበሩት በጸሎት ነው፤ ያዘዝኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። "እስከዚህ ልክ" አላልኩም። "አንድ ጊዜ ብቻ" አላልኩም። አሁን ዝም ብል ሁለታችንንም በሴራ ይሰቅሉናል፤ ወንድማቸውንም ይጨምራሉ። ብፈርም እኔ ቤቴ፣ እሳቸው ገመድ ላይ። እውነቱን ብናገር ከገመድ ይተርፉ ይሆናል፤ ግን ወዳጃቸውን የገደለው የገዛ እጃቸው መሆኑን ይሰማሉ። ፊታቸውን እያየሁ መናገር አቃተኝ። ፈሪ ነኝ፣ ልክድ አልችልም።

በማግሥቱ ለመቶ አለቃው "አልላላም ጌታዬ። ከልክ በላይ ጠብቆ ነው የተበጠሰው" አልኩት።

ሳቀ። "ሰው ሊገድል የፈለገ ያላላል እንጂ ያጠብቃል?"

"ሊገድል አልፈለገማ፤ እሱን ነው የምልዎት።"

አላመነኝም። ግን ነገሩ ከነከነው መሰለኝ፣ ከጋራዤ አዲስ ብሎን፣ መፍቻና ቧንቧ አስመጣ። ጣቢያው ግቢ ውስጥ የወደቀ አሮጌ የጭነት መኪና ሻንሲ ነበር። ብሎኑን በቀዳዳው አሳልፌ ዳዶ ገጠምኩለት። ዞር ስል ሾፌሩንና አርቢዎቹን ከክፍሉ አስወጥተው ጥግ አቁመዋቸዋል። መቶ አለቃው "ይዩ" ብሎ አዝዞ ኖሯል። ይኼን አላሰብኩም ነበር። 

"ፖሊሶቹ ይግፉት" አልኩ፤ ነገሩን ለማዘግየት ነው።

"እኔው ነኝ" አለ መቶ አለቃው። ኮቱን አውልቆ ለአንዱ ፖሊስ ሰጠና ቧንቧውን ያዘ። ገፋ። ጠበቀ። አሁንም ገፋ፣ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ድንገት ፊቱ ተለወጠ።

"ላላ!" አለ። "ሳጠብቀው ይላላል እንዴ?"

"አልላላም ጌታዬ። እየተሳበ ነው። ይግፉ።"

ገፋ። ጧ! ቧንቧው ከእጁ ወጣ፤ ሰውየው በጉልበቱ መሬት ላይ ዱብ አለ። ፖሊሶቹ ደንግጠው ጠመንጃ አነሱ። በሌላ ቀን ቢሆን እስረኛው ሁሉ ይስቅ ነበር፤ ያን ቀን ማንም አልሳቀም። መቶ አለቃው አፈሩን ሳያራግፍ የተበጠሰውን አነሳ፣ ከኪሱ የሹሙን መኪና ብሎን አወጣና ጎን ለጎን ያዛቸው። ያው አንገት፣ ያው መቅጠን። 

እኔ የማየው ሾፌሩን ነው። ብሎኑን አላዩም። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ያያሉ።

"ማል ጎኔ?" አሉ በኦሮምኛ፣ ምን አደረግን ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አጥብቄ ነው የገደልኩት?"

ወድቆ የቀረውን ቧንቧ ከመሬት አነሳሁ። 

ቢሮ ስንመለስ መቶ አለቃው ሌላ ወረቀት አወጣ። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። "ሴራው ቀርቷል። ሾፌሩ በራሱ እጅ ያለ ልክ አጥብቆ ሰበረው ብለህ ፈርም። አንተ ትወጣለህ።"

"አንድ ይጨመርልኝ። ጠበቅ ያድርጉት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ፣ እስከ የት፣ አልነገርኳቸውም። መለኪያውም ያለው እኔ ጋ ነው።"

"ሞኝ ነህ እንዴ?" አለኝ። የተቆጣ አይመስልም፤ የደነገጠ ነው የሚመስለው። "ይኼን ካስጻፍክ አብረኸው ነው የምትቀመጠው።"

"ይጻፍ ጌታዬ።"

ጻፈው። ፈረምኩ። ክሱ ቸልተኝነት ሆነና ሁለታችንም ሰባት ወር ተቀመጥን። አርቢዎቹ በአቤቱታቸው እኛ ስንወጣም አልወጡም።

ሾፌሩ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገሩኝም። ምግብ ሳቀርብላቸው በእጃቸው ጀርባ ይገፉታል። በሦስተኛው ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ "ዝም ብትል ምን ነበረበት?" አሉ። "አላልተሃል ብለው ቢሰቅሉኝ ውሸት ነበር። በውሸት ንጹሕ ሆኜ እሄድ ነበር።"

ያ ቃል እንዴት እንደወጋኝ! ጀግንነት ሠራሁ ብዬ ነበራ። "አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። 

በአራተኛው ቀን ጠዋት መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። "ልኩ ስንት ነው?" አሉ። "በቁጥር አትንገረኝ። በእጄ አሳየኝ።"

ክንዴን ዘረጋሁ። አንጓዬን እንደ መፍቻ እጀታ ያዙና ሳቡ። "አሁንስ?" "ገና ነው።" ትንሽ ጨመሩ። "አሁንስ?" "በቃ።" እጃቸው እዚያው ቆመ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ይቺው ናት? ይቺ'ኮ ምንም አይደለችም!" አሉ። ለዚህች ነው ሰው የሞተብኝ ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ፤ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ክንዴን ይስባሉ፣ እኔ በቃ እላለሁ። ወራት ሲያልፉ ሳልናገር ራሳቸው ልኩ ላይ ያቆማሉ፤ የመርፌውን ያህል አይሳሳቱም። አንድ ቀን "ሲወጡ የሚነዱትን መኪና ማንም አይበልጠውም" አልኳቸው፣ ላጽናና ብዬ።

"መኪና ሁለተኛ አልነካም" አሉኝ።

"ታዲያ ይኼን ሁሉ ለምን ይማሩታል?"

ክንዴን ሳይለቁ መለሱልኝ። "ቂያማ ዕለት፣ በፍርዱ ቀን፣ ወዳጄ ዘበኛው ይጠይቀኛል። አላወቅሁም ነበር እለዋለሁ። ካወቅህስ በኋላ ምን አደረግህ ሲለኝ ባዶ እጄን ልቆም?"

እንዳሉትም ከእስር ወጥተው መሪ ሳይጨብጡ፣ ሰንበቴ ከብት ሲነዱ ኖረው ሞቱ። እኔ አርጅቻለሁ፤ ስንቱን መኪና አሰርኩ፣ ስንቱን ሙያተኛ አስተማርኩ። እውነቱን መናገሬ ልክ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሳቸው የሚሉትን ይዘው ሄደዋል። እኔ ወዳጃቸው ዞር ብሎ ሲጠይቀኝ ምን እንደምል ገና እያሰብኩ ነው።