እህቴ የሞተችበት ፊልም

እህቴ በጥርስ ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ ጉንጫቸው ያበጠ ሰዎች ፊቷ ተደርድረው ይንቀጠቀጣሉ፤ እሷም ካርዳቸውን እያወጣች «አይዞህ፣ አይዞሽ» ስትል ትውላለች። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ በተራዋ የሚያስደነግጣት ነገር ፍለጋ ትሄዳለች። አስፈሪ ፊልም ነፍሷ ነው። የዓመት ዕረፍቷን እንደ ሰው አታርፍበትም፤ ቀናቱን ቆራርሳ ለየፊልም ፌስቲቫሉ ታከፋፍላቸዋለች። አለቃዋ ተስፋ ቆርጦ፣ «ዘንድሮ ሰው የሚታረደው መቼ መቼ ነው?» ብሎ ጠይቋት ነው የፈረቃ ሰሌዳውን የሚያወጣው።

የፊልም ሠሪዎቹ ስልክ አያሳርፋትም። አንዱ ሰው የማይኖርበት ቤት አፈላልጊልኝ ይላል፣ አንዷ ከሩቅ ለምትመጣ እንግዳ ማደሪያ ትጠይቃለች፣ ሌላው የፊልሙን መጨረሻ ልኮ ፈራሽ ወይ ይላታል። እሷ ደግሞ መዋሸት አልፈጠረባትም። «ሳቄ ነው የመጣው» ያለችው አንድ ዳይሬክተር ወር ሙሉ አኩርፏት ከርሞ፣ መጨረሻውን ቀይሮ ታርቋታል። ቀይ ሥር አፍልታ በስኳር ያወፈረችው የፊልም ደም ፍሪጃችን ውስጥ በማርማላታ ጠርሙስ ይቀመጣል። እኔ አንድ ጠዋት ሳላውቅ ዳቦ ላይ ቀብቼ ግማሹን በልቼዋለሁ። ክፉ አይደለም።

እማዬ ግን ይሄ ሁሉ አይገባትም። ሰው እንዴት ወዶ ይደነግጣል ትላለች። ፌስቲቫል በመጣ ቁጥር እህቴ አብረሽኝ ነይ ብላ ትለምናታለች፤ በመጣ ቁጥር እማዬን ወገቧን ያማታል። እህቴ በቀልድ ታልፈዋለች፤ ውስጥ ውስጡን ግን ያንገበግባታል። ያ ሁሉ ሰው በስሟ በሚጠራት አዳራሽ ውስጥ እናቷ አንድ ቀን አጠገቧ እንድትቀመጥ ነበር የምትመኘው።

ባለፈው ዓመት ያ አኩራፊ ዳይሬክተር ደወለና ሬሳ ሆና እንድትሠራለት ጠየቃት። ሹመት ያገኘች ይመስል ጮቤ ረገጠች። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ ዓይንን ጨፍኖ መተኛት፣ ነጩ ጨርቅ ከፊት ላይ ሲገለጥ አለመተንፈስ። እሷ ግን ጨርቁ አፍንጫዋን ባለፈ ቁጥር ሳቋ ያመልጣታል። አምስት ጊዜ ደጋገሙት። ስድስተኛው ላይ ዳይሬክተሩ በጣም ረጋ ባለ ድምፅ፣ ሌላ ሬሳ ልፈልግ ነው አላት። ያኔ ቀጥ አለች።

ፊልሙ ለፌስቲቫል ሲመረጥ እማዬን እንደገና ለመነቻት፤ አሁን «እኔም አለሁበት» የሚል ጨመረችበት። ምን ሆና እንዳለችበት ግን አልተነፈሰችም። ንገሪያት ብላት፣ ከነገርኳት አትመጣም አለችኝ። ተሳስታ ነበር፤ አፌን ዘግቼ በመቅረቴ እኔም ከጥፋቱ አላመልጥም። እማዬ ልጄ ፊልም ሠራች ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታ፣ የክት ልብሷን ለብሳ መጣች።

እሑድ ከሰዓት ነበር። ገና ከበሩ ስንገባ ሰዉ እየተነሳ እህቴን ሰላም ሲላት እማዬ በኩራት ተነፋች። በእኔና በእህቴ መሀል ተቀመጠችና መብራቱ ሲጠፋ የእህቴን እጅ ያዘች። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በጀግንነት ቻለችው። በሩ ራሱን በራሱ ሲከፍት እንኳ «ማጠፊያው ላልቶ ነው» አለችኝ እንጂ ንቅንቅ አላለችም።

ከዚያ ነጩ ጨርቅ ተገለጠ። የእህቴ ፊት ሸራውን ከዳር እስከ ዳር ሞላው፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል። እማዬ ከወንበሯ ተነሳች። አልጮኸችም፤ ጠዋት ጠዋት ለሥራ ስትቀሰቅሳት በምትጠራበት ድምፅ ነው የጠራቻት።

«ልጄ፣ ተነሺ እንጂ።»

ከፌስቲቫል ፌስቲቫል ሲዞሩ የኖሩ፣ ምንም የማይበግራቸው ሰዎች ወንበራቸው ውስጥ ሲሸማቀቁ አየሁ። እህቴ እጇን ሳብ አድርጋ፣ ይኸው አጠገብሽ ነኝ አለቻት። እማዬ ዓይኗን ከሸራው ሳትነቅል፣ «አንቺ ዝም በይ» አለቻት።

ከኋላ አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ አዳራሹም ተከተለው። አምስት ጊዜ የሳቀችው እህቴ ግን አልሳቀችም። እማዬን ቀስ ብላ አስቀመጠቻትና እስከ መጨረሻው እጇን ሳትለቅ ቆየች።

መብራት ሲበራ ዳይሬክተሩ ይቅርታ ሊጠይቅ እየተቅለሰለሰ መጣ። እማዬ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«መግደሉንስ ግደላት፣ ሥራህ ነው» አለችው። «ግን ምነው ሲሚንቶ ላይ ምንም ሳታነጥፍላት?»

እንደዚያ አፋጥጦ የጠየቀው የፌስቲቫል ዳኛ እንደሌለ እስከ ዛሬ ያወራል።

ታክሲ ውስጥ እህቴ፣ እጄን ይዘሽ፣ ደህና መሆኔን እያወቅሽ ለምን ተነሳሽ ብላ ጠየቀቻት። እማዬ መንገዱን እያየች መለሰችላት።

«አንቺማ እኔ አለሁሽ» አለች። «ያቺኛዋ ማን አላት?»

ያን ሁሉ ደምና ጩኸት አይታ ዓይኗን የማታሽ እህቴ፣ ቤት እስክንደርስ ስታለቅስ ሄደች።

ዘንድሮ ያው ዳይሬክተር ሌላ ፊልም ጀመረ፤ እህቴ ዘንድሮም ሬሳ ናት። በቀረጻው ቀን እማዬ ወገቧን አላመማትም። ከአልጋዋ ላይ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ገፍፋ ከእኛ ቀድማ ወጣች። ሲሚንቶው ላይ አነጠፈችው፣ በመዳፏ ዳበሰችው፣ ካሜራው እንዳያሳየው ጫፍ ጫፉን ወደ ውስጥ አጠፈችው። እህቴ ተኛችበት። ጨርቁ ተገለጠ፤ አንዲት ጡንቻ አልተንቀሳቀሰችም፤ በአንዴ ተሳካ።

ዳይሬክተሩ «በቃ፣ አለቀ» አለ። እህቴ አልተነሳችም። መብራት ያዡ ጠራት፤ አልተነሳችም። ሰዉ እርስ በርሱ መተያየት ሲጀምር እማዬ ወንበሯን ትታ ቀረብ አለች።

«ልጄ፣ ተነሺ እንጂ» አለቻት።

ተነሳች።