ለዴልማር የሚታመን ማጉረሻ

አምስት ጥይት ባንድ ጊዜ በማዕድ ቤት ወለል ላይ ሲበተን የሚያሰማውን ድምፅ ዛሬም በሩቅ እለየዋለሁ። መጀመሪያ የበረዶ ጠጠር ጣራ ላይ እንደሚወርድ ይንጠባጠባል፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ይንከባለላል፤ በመጨረሻም አንዱ፣ መቼም አንዱ አይቀርም፣ ከማቀዝቀዣው ሥር ገብቶ ዝም ይላል። ከዚያ የዴልማር ድምፅ ይከተላል።

«ቬርና፣ መጥረጊያውን!»

ቬርና ታላቅ እህቴ ናት፤ ዴልማር ሃስኬት ደግሞ ባሏ ነበር። በቴስ ክሪክ መንደር የእኔንና የእነርሱን ቤት የሚለየው አጥር ብቻ ነው። ባሌ ካረፈ ወዲህ ምሳዬን የምበላው ከእነርሱ ጠረጴዛ ስለ ነበረ፣ ያ ድምፅ በጆሮዬ ሲያልፍ የቦሎቄውና የበቆሎ ዳቦው ሽታ አብሮት ይመጣል።

ዴልማርን በደጉ ዘመን የሚያውቁት ሰዎች ዛሬ ጥቂት ናቸው። ቁመተ ረጅም፣ ሳቁ ከበር ውጭ የሚሰማ ሰው ነበር። ሥራው በሸለቆው ውስጥ ባሉት መጠጥ ቤቶችና የጭነት መኪና ማረፊያዎች የተተከሉትን የዘፈንና የሲጋራ ማሽኖች እየዞረ መክፈት፣ የተጠራቀመውን ሳንቲም በሸራ ከረጢት መሰብሰብ፣ የተበላሸውንም መጠገን ነበር። የትኛው መጠጥ ቤት የትኛውን ዘፈን እስኪያልቅ እንደሚያስጮኸው ያውቃል። «የሰው ልብ የተሰበረበትን አገር ከሸክላው ጭረት አውቀዋለሁ» ይል ነበር።

በሱሪው ኪስ ውስጥ አንዲት ሽጉጥ ነበረችው፤ አፈሙዟ ከአውራ ጣት የማይረዝም፣ ትንሽ አምስት ጎራሽ። የእጀታዋን እንጨት የፈለፈለለት ታናሽ ወንድሙ ኦሪን ነው። አውራ ጎዳናው በአባታቸው ግቢ ሲያልፍ የተቆረጠውን የዋልነት ዛፍ ጉማጅ ኦሪን አስቀምጦ፣ የዴልማርን መዳፍ እየለካ ሠራለት። በዓመቱ ኦሪን ከከሰል ጉድጓድ ሳይወጣ ቀረ።

ዴልማርን የለወጠው ነገር የደረሰው በመከር ወራት፣ ፀሐይ ገና ሳታዘቀዝቅ፣ ከአንድ መጠጥ ቤት ጓሮ ነው። አንድ ሰው ሽጉጥ ይዞ መጣበት። ዴልማር ደንግጦ አምስቱንም ተኮሰ። አንዱ የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ በሳ፤ አራቱ የት እንደ ገቡ ተራራው ይወቅ። ከዚያ ከኪሱ ጥይት እየዘገነ ለማጉረስ ቢሞክር ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት፤ ጥይቶቹ ከመኪናው ሥር ተንከባለሉ። ሰውየው ከግድግዳው ጀርባ ብቅ አለ፣ ከረጢቱን አነሳ፣ የዴልማርን ባርኔጣ ከራሱ ላይ ወስዶ ደፋና ሄደ።

«በእግሩ ነው የሄደው፣ ኢኔዝ» ይለኛል ዴልማር፣ ይህን በተናገረ ቁጥር። «እየተራመደ! ቢሮጥ እኮ ፈርቶኝ ነው እል ነበር።»

ከዚያ በኋላ ዓለም በዙሪያው ቀስ በቀስ ጠበበች። መጀመሪያ ሥራውን ተወ፤ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑን፤ ከዚያ ፀጉር ቤቱን፣ እናም ቬርና በልብስ መቀሷ ትከረክመው ጀመር። ተወዛዋዥ ወንበሩ ከበረንዳው ጫፍ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ሳሎን ገባ። ጎረቤት ለምን አትወጣም ብሎ ሲጠይቀው «ባርኔጣ የሌለው ሰው የት ይሄዳል?» እያለ ይቀልዳል። ቬርና እንደ ጠፋው ያለ ግራጫ ባርኔጣ ገዛችለት፤ ባርኔጣው ከነካርቶኑ ቁም ሣጥኑ ራስ ላይ ተቀመጠ።

ብቻውን መሆንም አይችልም ነበር። ቬርና ልብስ ልታሰጣ ጓሮ ስትወጣ በመስኮት ይጣራል።

«ቬርና፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

አንሶላ አንጥልጥላ ሳትጨርስ ደግሞ፣ «አለሽ?»

«አለሁ፣ ዴልማር።»

አጥር ተሻግሮ ይሰማኛል። የልብስ ማስጫው ገመድ እስኪሞላ ድረስ እንዲሁ ይባባላሉ።

በዚህ መካከል ኮሎምበስ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ሎረታ ወለደች። ሴት ልጅ፤ ስሟን ቤካ አሏት። ቬርና ሻንጣዋን በዚያው ሳምንት አዘጋጀች። ዴልማር ግን ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ፣ ሽጉጡን በዘይት ጨርቅ እያበሰ፣ «አንድ የምተማመንበት ማጉረሻ ላግኝ እንጂ በማግስቱ እንሄዳለን» አለ።

ማጉረሻ ማለት መዳፍ ውስጥ የሚደበቅ ክብ ነገር ነው። አምስቱን ጥይት አቅፎ ይይዝና ጥይት በሚገባበት በሽጉጡ ባዶ ከበሮ ላይ ሲያስቀምጡት ሁሉንም ባንዴ ያጎርሳል። ዴልማር ያን ቀን አንድ እንደዚያ ያለ ቢኖረኝ ባርኔጣዬ ራሴ ላይ ይቀር ነበር ብሎ አምኗል። ቬርናም ቃሉን ተቀበለች። ሻንጣው አልጋ ሥር ገባ።

«እኔ ልውሰድሽ» አልኳት። እርሷ መኪና መንዳት አልተማረችም።

«ያለሱ ከሄድኩ፣ መሄድ እንደማያስፈልገው ይማራል» አለችኝ። «ከዚያ ወዲያ ማን ያወጣዋል?»

ማጉረሻዎቹን የሚያመጣለት ኤልቪን ፕሩይት ነው፤ ከወንዙ ማዶ ከቤቱ ጓሮ መሣሪያ የሚጠግን፣ አፉ የማያርፍ ወዳጁ። መጀመሪያ ያመጣው ክብ እንኳ አልነበረም፤ ጥይቶቹ ተርታ የሚሰኩበት የላስቲክ ጥብጣብ ነው።

«ኪስህ ውስጥ እንደ ማስቲካ ይተኛልሃል» አለው። «ሁለት ሁለት እያደረግህ ታጎርሳለህ።»

«ሁለት ሁለት? ሰውየው ቆሞ ሊጠብቀኝ ነው?»

«ያኛውማ ጠብቆህ ነበር እኮ!»

ማንም አልሳቀም። ኤልቪን ጥብጣቡን ጠቅልሎ ወደ ኪሱ መለሰ።

ሁለተኛው አናቱ ላይ የሚጠመዘዝ ጉብታ ያለው ነበር። ጉብታውን ወደ አንድ ወገን ሲያዞሩት ጥይቶቹን ይቆልፋል፤ ወደ ሌላው ሲያዞሩት ይለቃል። ኤልቪን የማጉረሻ መፈተኛ ብሎ ያስተማረው በዚህኛው ጊዜ ነው።

«ሱቅ ውስጥ የማያምር ማጉረሻ የለም። ኪስህ ውስጥ ሳምንት አክርመው። ከቁልፍህና ከሳንቲምህ ጋር ይታሽ፤ ሁለት ሦስቴም ይውደቅ። በሳምንቱ ጥይቶቹን እንዳልተነቃነቀ ጥርስ ካገኘሃቸው ያንተ ነው። አንዱ እንኳ ከላላ ወርውረው።»

ሳምንቱ ሳይሞላ እሑድ ደረሰ፤ ፓስተር ሆበርት ምሳ ተጋብዘው መጡ። ዴልማር ሲወዛወዝ ሰንብቶ ኖሮ፣ ጉብታው ኪሱ ውስጥ ቀስ እያለ ዞሯል። ሊያስነጥሰው መሐረቡን መዘዝ ቢያደርግ ማጉረሻው አብሮ ወጣና ሦስት ጥይት ከስጎው ሳሕን ውስጥ ጠለቀ። ፓስተሩ ማንኪያቸውን እንደ ያዙ ወደ ሳሕኑ አጎነበሱ።

«ወንድም ዴልማር፣ ይህን ከመጉረሴ በፊት ልባርከው ወይስ ልሽሸው?»

ያን ቀን ዴልማር እንደ ድሮው ሳቀ። ቬርናም ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ግን መስኮቱን አየች።

ሦስተኛው መልካም ነበር። የሚጠመዘዝ ነገር የለውም፤ ከበሮው ላይ አስቀምጠው ጫን ሲሉት ብቻ ራሱ ይለቃል። ሳምንት ኪስ ውስጥ ከረመ፤ ደረጃ ላይ ወደቀ፤ አንድም ጥይት አልላላም። ነገር ግን ዴልማር ባሩድ በሌላቸው የመለማመጃ ጥይቶች ሲሞክረው አንዳንዴ ይገባል፣ አንዳንዴ አንዱ ጥይት መንገድ ላይ ይንጠለጠላል፤ ያኔ እጁ ይጣደፍና አምስቱም ወለል ላይ ናቸው።

ኤልቪን ሽጉጡን ተቀብሎ ከበሮውን ከፈተ። «አፈሙዙን ወደ ላይ አቅንተህ ቀለሁን አራግፍ። ስታጎርስ ደግሞ ቁልቁል ድፋው፤ ጥይት እንደ ሰካራም ቁልቁለት ይወዳል።» እርሱም ሞከረው። ተንጠለጠለ። እጀታውን ወደ ብርሃን አዞረና በጥፍሩ አንድ ቦታ ነካ። «አየህ? ማጉረሻው ደህና ነው። በግራ በኩል ይህች የእንጨት ጉብታ ጠርዙን እየገፋች ታንጋድደዋለች። በሞረድ ትንሽ ብነካት…»

«ኦሪንን በሞረድ አትነካውም።»

«እንጨት እኮ ነው፣ ዴልማር።»

«ሌላ ማጉረሻ አምጣ።»

ሌላ መጣ። ከዚያም ሌላ። በፖስታ ከሩቅ ከተማ የታዘዘም ነበር። ሁሉም ያቺኑ የዋልነት ጉብታ እየገጩ ይመለሳሉ። የእንጨት ማንኪያ የሚቀመጥበት መሳቢያ በማጉረሻ ሞላ። ቬርና ወጥ ማማሰያ ስትፈልግ መሳቢያውን እየበረበረች፣ «አጉራሽ ሞልቶ ጎራሽ ጠፋ» ትል ነበር። ለማን እንደምትናገር አይታወቅም።

ቤካ ዳኸች፤ ቤካ ቆመች። ፎቶግራፎቹ ማቀዝቀዣው ላይ ተደረደሩ። ጥይት ፍለጋ ከማቀዝቀዣው ሥር በሆዷ ስትተኛ ቬርና የልጅቱን ፊት ከታች ወደ ላይ ታያለች።

አንድ እሑድ ሎረታ ደወለች። ቬርና ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን እጀታ ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ያዘችው። ሎረታ ወዲያ ሆና ልጇን «ማን ናት? ማን እንደ ሆነች ንገሪያት» ስትል ይሰማል። ቀጥሎ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«የስልኳ አያቴ!»

«ከአባቷ ወገን ያለችውን አያቷን በዓይኗ ስለምታያት ነው» አለች ሎረታ ፈጥና፣ ይቅርታ እንደ መጠየቅ። «ለመለየት ነው እንጂ…»

«ይሁን፣ የኔ ልጅ፣ ይሁን። ጥሩ ስም ነው» አለች ቬርና። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ፣ እጇ እጀታው ላይ እንዳለ ቆየች። ዴልማር ቦሎቄውን በማንኪያው ከወዲያ ወዲህ ሲያንቀሳቅስ ነበር። አልበላም።

በማግስቱ ጠዋት ኤልቪን ጋ የደወለው ራሱ ነው። «ሞረድህን ይዘህ ና» አለው።

ኮሎምበስ ላደርሳቸው እኔም ተጠራሁ፤ መኪናዬን አጥሩ ፊት አቆምኩ። ኤልቪን ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ እጀታውን ፈታ። ሞረዱ እንጨቱን ሲነካው ዴልማር ዓይኑን ጨፈነ። ቡናማ ብናኝ በጠረጴዛው ላስቲክ ላይ ወረደ፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላም የዋልነቱ ሽታ ትኩስ ነበር። ኤልቪን በብርጭቆ ወረቀት አለሳለሰው፣ በዘይት አሸው፣ መልሶ አሰረው።

«በል።»

ዴልማር ከበሮውን ከፈተ፤ አፈሙዙን ቁልቁል ደፋ፤ ማጉረሻውን አስቀምጦ ጫን አለው። አምስቱ እንደ አንድ ሆነው ገቡ። አራግፎ ደገመው። ገቡ። ቆሞ ሞከረው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሞከረው፤ ኤልቪን ጆሮው ሥር እየጮኸ «መጣብህ! መጣብህ!» እያለ ሲያስደነግጠውም ሞከረው። አንድም ጥይት ወለል አልነካም።

«ኦሪን ቢያይህ ምን ይልህ ነበር መሰለህ?» አለ ኤልቪን። «‹አንተ ደንቆሮ፣ ይህን ሁሉ ዘመን!›»

ዴልማር እየሳቀ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

ቬርና ወደ መኝታ ቤት ገብታ ስትወጣ ደህነኛ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ በአንድ እጇ ሻንጣውን፣ በሌላው የባርኔጣውን ካርቶን ይዛ ነበር። ባርኔጣውን አውጥታ ራሱ ላይ አኖረችለትና ጠርዙን በሁለት ጣቷ አስተካከለችው። ያምርበት ነበር።

ዴልማር እውነተኞቹን ጥይቶች አጎረሰ፤ ሽጉጡን በቀኝ ኪሱ፣ የሞላውን ማጉረሻ በግራው ከተተ። ወደ በሩ ሄደ። መዝጊያውን ከመያዙ በፊት ከጎኑ ያለውን የመስኮት መጋረጃ በአንድ ጣት ገለጠ።

መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። መኪናዬ ቆማለች፤ የጎረቤት ውሻ ጎማዋ አጠገብ ተጋድሟል። ዴልማር አየ፣ አየ።

«ኤልቪን» አለ፣ ሳይዞር።

«እህ?»

«ይሄ እኮ አንዴ ብቻ ነው የሚያጎርሰው። አምስት ከሽጉጡ፣ አምስት ከዚህ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቤትህ ትገባለህ!»

«ሁለት ሰው ቢሆኑስ?» ድምፁ ለስላሳ፣ ምክንያት ያለው ሰው ድምፅ ነበር። «ሁለተኛ ያስፈልገኛል። ልክ እንደዚሁ ያለ። እሱንም ሳምንት ኪሴ ውስጥ ላክርመውና፣ ከዚያ እንሄዳለን።»

ኤልቪን የያዘውን ሞረድ አየ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እኔ ቬርናን አየሁ።

እርሷ ወደ ጠረጴዛው ተመልሳ ነበር። የዋልነቱን ብናኝ በመዳፏ ጠርዝ ቀስ አድርጋ ሰብስባ ወደ አንድ የስኒ ማስቀመጫ ገለበጠችው፤ ማስቀመጫውንም ዴልማር ምሳ በሚበላበት ቦታ አኖረችው። እጇን አራገፈች። ጓንቷን አጠለቀች።

«ቬርና፣ አለሽ?» አለ ዴልማር፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

ሻንጣዋን አነሳች። የካፖርቷ እጅጌ እጅጌውን እየነካ በአጠገቡ አልፋ፣ መዝጊያውን ከፍታ ወደ መኪናዬ ወጣች። በሩን አልዘጋችውም።