የላይኛው ብረት

ትርሲት መሣሪያ ትፈራለች። ወረታ ከተማ ላይ መሣሪያ መፍራት ደግሞ ፈተና ነው፤ ለሠርግ ይተኮሳል፣ ለለቅሶ ይተኮሳል፣ ወንድ ልጅ ተወለደም ተብሎ ይተኮሳል። እሷ የወንዛዬ ገጠር ልጅ ናት። ልጅ ሳለች ለአጎቷ ሠርግ የተተኮሰ ጥይት ታላቅ እህቷን ዳስ ውስጥ ገድሎባታል። ከዚያ ወዲህ ተኩስ በሰማች ቁጥር ጆሮዋን ደፍና ቤት ትገባለች። ያገባችው ግን ሽጉጥ ከወገቡ የማይለየውን የኋላሸትን ነው። የሩዝ መፈልፈያ ጥበቃ ነበር፤ ፈቃድ ያለው፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው።

እኔ ከአንበሳሜ የመጣሁ በርበሬ ነጋዴ ሴት ነኝ፤ ከእነሱ ጋር የምጋራው ግድግዳ ስስ ስለሆነ የቤታቸውን ሕግ አውቃለሁ። የኋላሸት ቤት እንደገባ ሽጉጡን ለሁለት ይለያያል። የታችኛውን እሱ ያስቀምጣል፣ የላይኛውን ብረት ለትርሲት ይሰጣታል፤ እሷም በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ ትቆልፍበታለች። ብረቱን ሳትረከብ ማዕድ አታቀርብም። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች፤ ሚስቱ ትጥቅ አስፈታችው ተብሎ ባሏ መሳቂያ እንዳይሆን ነው። እኔ ብቻዬን ስቄበታለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ያስቃል እኮ።

የድሮ ሽጉጡ ከኋላው ጎልታ የምትታይ መዶሻ ነበረችው። መዶሻዋ ወደ ኋላ ከተሳበች ለመተኮስ ተዘጋጅቷል ማለት ነው፤ ትርሲት ከበሩ ላይ ሆና ታየዋለች። ሲለያይም ምላጩን መንካት አያስፈልገውም ነበር። ዓምና ወንድሙ በመኪና አደጋ ሞተበትና የኋላሸት ጭራሽ ዝም አለ። ዘንድሮ ሽጉጡን በአዲስ ለወጠ። አዲሱ መዶሻ የለውም፣ ጀርባው ልሙጥ ነው።

«ይኸስ ጥይት መጉረሱ በምን ይታወቃል?» ስትለው ሰምቻለሁ።

«ለያይቸ እሰጥሽ የለም እንዴ?» አላት።

ሳምንት ሳይሞላ፣ በምሳ ሰዓት፣ ከግድግዳው ማዶ ተኩስ ጮኸ። ስደርስ የኋላሸት አልጋው ላይ ደረቱን ይዞ ወድቋል። ትርሲት ጭልፋ እንደያዘች ቆማለች። አልጮኸችም። ጭልፋውን ከእጇ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ተቀመጭ ሲሏት ተቀመጠች፣ ውኃ ሲሰጧት ጠጣች። ደረቷን አልመታችም፣ ፊቷን አልነጨችም። ለቀስተኛው ይህን አልወደደላትም። ወሬውም ሬሳው ከምርመራ ሳይመለስ ተነሣ። «ከወንድሙ ሞት ወዲህ መኖር አስጠልቶት ነበር፤ ራሱን ነው ያጠፋ» ተባለ። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። እናቱ እማማ ታንጉት ዳሱ መሃል ተዘርፍጠው «ልጄን ያለ ጸሎት ልትቀብሩት ነው?» እያሉ አፈር ይበትናሉ።

በማግሥቱ ጧት የነፍስ አባታቸው ቄስ ገብረ ኪዳን መጡ። ጉዳዩን የያዘው ፖሊስም፣ እንግዳው የሚባለው፣ ተጠርቶ መጣ። ቤት ውስጥ የተቀመጥነው እነሱ ሁለቱ፣ እማማ ታንጉት፣ ትርሲትና እኔ ነን።

«አባ» አለ እንግዳው፣ «ይኸ ሽጉጥ መዶሻ የለውም። ውስጡ ያለችው በሽቦ ሞላ የተወጠረች መርፌ ናት፤ ምላጩ ሲሳብ ትለቀቅና ጥይቱን ትወጋለች። የላይኛው ብረት የሚወጣው መርፌዋ ከተለቀቀች ነው፤ ስለዚህ ሰውየው ባዶ መሆኑን አይቶ ምላጩን ይስባል። ሁሉም እንዲህ አይደለም። ምላጩ ሳይነካ የሚለያይ አለ፣ በጎኑ መቆለፊያ ያለው አለ፣ ሲጎርስ ምልክት የሚያሳይም አለ። የሱ ምንም የለውም።»

«ታዲያ ባዶ መሆኑን አላየም?»

«ባዶ መስሎታል። የጥይቱ ካዝና አልጋው ላይ ነበር፣ ያልተተኮሰች አንድ ጥይት ደግሞ መሬት ላይ። መጀመሪያ የላይኛውን ብረት ሳበና የጎረሰውን ጥይት አስወጣ፤ ካዝናው ገና ስላልወጣ ሌላ ጥይት ገባ። ካዝናውን ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ባዶ ነው ብሎ አፈሙዙ ወደ ደረቱ መዞሩን ሳያይ ምላጩን ሳበ። በድሮው ሽጉጥ ቢሆን ይኸ ስሕተት አይገድለውም ነበር።»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የብረቱ ነገር ገባኝ ልጄ። የሰውየው ነው ያልገባኝ። ጥበቃ ነው፤ ምሳ በልቶ ወደ ሥራው ሊመለስ ነው። በዚያ ሰዓት ሽጉጥ መለያየት ምን አስፈለገው? ዘመዶቹ ሲለያይ አይተነው አናውቅም ይላሉ። ሊሞት ፈልጎ ሰው እንዳይጠረጥር አስመስሎ ቢሆንስ?»

መልሱ እኔ ዘንድ ነበር። ግን ብናገር የሰውየው ሞት በእናቱ ፊት በትርሲት ላይ ሊወርድ ነው፤ ዝም ብል የኋላሸት ያለ ጸሎት ሊቀበር ነው። ዓይኔን ወደ ትርሲት ሳጥን ጣልኩ።

ትርሲት ተነሣች። ሳጥኗን ከፍታ በሽጉጥ ዘይት የጠቆረውን ጨርቅ አወጣችና ቄሱ እግር ሥር አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ አባ» አለች፤ ድምፅዋ የገበያ ዋጋ የምትናገር ይመስል ነበር። «ሳይለያየው ምሳም እራትም አልሰጠውም። የላይኛውን ብረት በዚህ ጨርቅ ጠቅልየ የምቆልፍበት እኔ ነኝ። ትናንትም ‹ወጡ ቀዘቀዘ፣ ቶሎ በል› አልኩት። እጄን ዘርግቸ ቁሜ ነበር።»

«በመስቀሉ ፊት ትያለሽ ይኸን?»

መስቀሉን ተሳለመች። ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነቷን ነው» አልኩ። እማማ ታንጉት ማልቀሳቸውን አቁመው ምራታቸውን ብቻ ያያሉ።

የኋላሸት በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ በሙሉ ፍትሐት ተቀበረ። ካህናቱ ሲዞሩት፣ የዕጣኑ ጥና ሲወዛወዝ፣ ትርሲት ከሰው ኋላ ቆማ እንደ እንግዳ ታያለች። ተኩስ አልነበረም፤ ቄሱ ከልክለው ነበር።

ከአርባው በኋላ እማማ ታንጉት መጡ። አልተቀመጡም።

«ልጄን ለካህን እጅ አብቅተሽልኛል፤ እግዜር ይስጥሽ» አሉ። «ከእንግዲህ ግን ደጄን አትርገጭ።»

«እሽ እማማ» አለች ትርሲት።

ተናደድኩ። ተከትዬ የወጣሁት ልጮህባቸው ነበር። ምን ብዬ እንደምጮህባቸው ግን አላወቅሁም፤ እናት ናቸው። ስመለስ ትርሲት ከሩዙ ጠጠር እየለቀመች ነበር፤ «ምን አደረጉሽና ነው?» አለችኝ።

ምሳ አብረን ነው የምንበላው አሁን። ብቻዋን እንድትበላ አልተዋትም። ወጡን ካወረደች በኋላ ወደ አልጋው ትዞርና መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ እጇን ትዘረጋለች። ጥቂት ትቆያለች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ «ብይ እንጂ፣ ቀዘቀዘ» ትለኛለች።