ሳልታመም ታማለች የተባልኩበት አደን

ታላቅ ወንድሜ ከኬንታኪው አደን መቅረቴን የነገረኝ እዚህ ጆርጂያ፣ ዶራቪል ውስጥ፣ አስቤዛ ገዝተን መኪናዬ ላይ ስንጭን ነው። የሽንኩርቱን ከረጢት አስገባና የኋላውን በር ሳይዘጋ፣ «አንቺ እንኳ ይቅርብሽ፤ በአንቺ ቦታ ጓደኛዬ ይሄዳል» አለኝ። አነጋገሩ የቲማቲም ዋጋ የሚነግረኝ ነበር የሚመስለው።

ያን ጉዞ ከጥንስሱ ያሰብኩት እኔ ነኝ። ከቤተሰባችን መጀመሪያ ቀስት የያዝኩትም እኔ ነኝ። ሊልበርን ከተማ ቤት የገዛሁ ሰሞን ጓሮ የተከልኩትን ጎመን አጋዘኖች እየመጡ ሲጨርሱብኝ፣ ከአጥሩ ወዲያ የምትኖረው ጡረተኛ ጎረቤቴ አይታ ሳቀች። አሜሪካዊት ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከባሏ ጋር ስታድን ኖራ፣ እሱ ሲሞት ብቻዋን የቀጠለች ሴት። «ከምትረግሚያቸው ለምን አትበያቸውም?» ብላ ቀስቷን አቀበለችኝ። የመጀመሪያ ቀን ገመዱን ግማሽ ድረስ እንኳ መሳብ አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ግን ከኤርፖርት ሹፍርና ስመለስ ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ እሷ ጓሮ እየገባሁ፣ ትከሻዬ እስኪዝል ድረስ ኢላማ ላይ ስለማመድ ከረምኩ።

በሚቀጥለው ዓመት እዚሁ ጆርጂያ የመጀመሪያዬን አጋዘን ጣልኩ። ፍላጻውን «ቢስሚላህ» ብዬ ነው የለቀቅኩት። እንዲህ የተገደለ አደን እንደሚበላ፣ አዳኙ ሴት ሆነ ወንድ ልዩነት እንደሌለው መስጊድ አስቀድሜ ጠይቄ ነበር። ወንድሜ ከዚያ ስጋ ጥብስ በልቶ፣ ለቤቱም አስቋጥሮ ሄደ። በሳምንቱ እሱም ቀስት ገዛ። ያስተማርነው እኔና ጎረቤቴ ነን። እስከ ዶራቪሉ ቀን ድረስ አንድም አጋዘን አልመታም።

ኬንታኪ ያለውን የከብት እርሻ በጎረቤቴ ዘመድ በኩል አፈላልጌ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ባለቤቱ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነው። ከምን ያህል ርቀት እንደምወረውር፣ አጋዘኑ ቆስሎ ቢያመልጠኝ እስከ የት እንደምከተለው ስልክ ላይ አብጠርጥሮ ጠየቀኝ። በመጨረሻ፣ «ከሁለት ሰው በላይ ግን አልቀበልም፤ ከብቶቼ ይደነብራሉ» አለ። ሁለተኛው ሰው ወንድሜ እንዲሆን የመረጥኩት እኔው ነኝ። የኬንታኪን የአደን ሕግ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ከሌላ ስቴት የሚመጣ ሰው የትኛውን ላይሰንስ ማውጣት እንዳለበት ለየሁ። የአጋዘን በሽታ እንዳይዛመት ሙሉውን በድን ይዞ ጆርጂያ መግባት ስለማይፈቀድ፣ አጥንቱን እዚያው አውጥተን ስጋውን በበረዶ ይዘን እንድንመለስ አሰብኩ። ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። ነፋሱ ከምዕራብ ከመጣ ከጅረቱ በየትኛው በኩል እንደምንቀመጥ ሳይቀር ከገበሬው ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል።

«ለምንድነው የምቀረው፣ ጋሼ?» አልኩት።

«ሰው ያወራል። ሴት ልጅ ጫካ ምን ትሠራለች ይሉኛል። ደግሞ ሴት የገደለችውን ጓደኞቼ አይበሉም።»

«አንተ በልተህ የለ እንዴ?»

«እሱ ሌላ ነው። ይልቅ ለመንገድ የሚሆን ስንቅ ብታዘጋጂልን ጥሩ ነው።»

እናታችን ትዝ አለችኝ። አባታችን በሌለ ቀን ዶሮና ቢላዋ ይዛ በር ላይ ትቆምና፣ የማታውቀውን መንገደኛ «ወንድሜ፣ እባክህ እረድልኝ» ብላ ትለምን ነበር። መንገደኛው አንገቱን ቆርጦ ይሄዳል። መንጨቱም፣ መበለቱም፣ ማጠቡም፣ መቀቀሉም የእሷ ነው። ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርኩ አልገረመኝም። ዶራቪል ላይ ግን ደሜ ፈላ።

«ገበሬውስ? እሱ የሚያውቀው እኔን ነው።»

«ደውዬለታለሁ። ታማለች አልኩት።»

የእሱን ሽንኩርትና ዘይት አውጥቼ እግሩ ሥር አስቀመጥኩ። «ባቡር ጣቢያው እዚያ ነው» አልኩትና መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ።

ቤት ስደርስ ገበሬው ጋ ደወልኩ። «ተሻለሽ ወይ?» አለኝ። የሆነውን ስነግረው፣ «እኔ የተነጋገርኩት ከአንቺ ጋር ነው። ማንን ይዘሽ እንደምትመጪ አንቺ ወስኚ» አለ። በዚያው ሰዓት ከአጥሩ ወዲያ ያለችውን ጎረቤቴን ጠራኋት። ጉልበቷን ስለሚያማት ለማድባት ዛፍ ላይ እንደማትወጣ፣ መሬት ላይ ከለላ ሠርታ እንደምትቀመጥ ብቻ ነገረችኝና እሺ አለች።

ወንድሜ ቦታውን እንዳጣ ከገበሬው ሲሰማ፣ ራሱ መምጣት አቅቶት ፓይን ሌክ የሚኖሩትን አጎታችንን ላከብኝ። ሻይ አቀረብኩላቸው።

«ልጄ፣ ታላቅሽ ነው፤ እለፊው» አሉኝ።

«አጎቴ፣ እርስዎ ይፍረዱ። አጥፍቻለሁ ይበለኝና አልፈዋለሁ።»

«እሱንማ አይልም፤ ታውቂው የለ? ዘንድሮ ቦታውን ልቀቂላቸውና ነገሩ ይብረድ።»

«እርቅ ማለት ይሄ ከሆነ እኔ አልታረቅም።»

ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሱ። ሽማግሌ አሳፍሬ መስደዴ ከነከነኝ፤ ግን «አልታረቅም» ያልኩትን መልሼ አልዋጥኩትም።

ከጎረቤቴ ጋር ኬንታኪ ሄድን። ንዴቴም አብሮኝ ሄደ። ዛፉ ላይ ተቀምጬ እንኳ ከወንድሜ ጋር በልቤ ስከራከር ዋልኩ። አንዲት እንስት አጋዘን ከጅረቱ ማዶ ተሻግራ ጎኗን ሰጥታኝ ስትቆም እኔ አሁንም ዶራቪል ነበርኩ። ለጥቂት ሳላያት ልታልፈኝ ነበር። «ቢስሚላህ» አልኩና ለቀቅኩ። ብዙም ሳትርቅ ወደቀች። ጎረቤቴ በጉልበቷ እያነከሰች መጥታ ቢላዋዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ስጋውን አብረን አወጣን። ተመልሼ ለአጎቴ ሰጠሁ፤ ለወንድሜ ሚስትም ሰጠሁ። ለእሱ በስሙ የላክሁት የለም።

ለዒድ ሁላችንም አጎታችን ቤት ተሰበሰብን። ወንድሜ ከጓደኞቹ መካከል ተቀምጦ ኬንታኪን ያወራል። የከብቱን እርሻ፣ ጅረቱን፣ ነፋሱን፣ ከጉዞው በፊት እኔ የነገርኩትን ሁሉ «ሄድን፣ ተቀመጥን፣ መታን» እያለ ይተርካል። ሳህን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁት። ለጓደኞቹም፣ «የእኛን ቤት ሴቶች እንዳትንቁ!» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ሳቁ።

«ጋሼ፣ አንተ እዚያ አልነበርክም» አልኩ።

አጎቴ ምንጣፉን ያያሉ። ወንድሜ የውሃ ብርጭቆ አነሳ፣ አልጠጣም፣ መልሶ አስቀመጠው። ሳህኑን መሃላቸው አስቀምጬ ወጣሁ።