እማማ ባንክና ደንቆሮው ማሽን

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የነገረኝ ቧንቧ ሠራተኛው ነው፤ ማሽኑም የሱ ነበር። እሱ ሲያወራው ግን አንድ ሲጋራ ሳያልቅ ያልቅበታል። ሰውዬው ቧንቧ እንጂ ወሬ መቀጠል አያውቅም። ወሬው ነፍስ የዘራው እኔ ጋ ከመጣ በኋላ ነው፤ ሰፈሩን ሁሉ ጠይቁ።

እማማ ባንክ ልብስ ሰፊ ናት። እኩያዬ ስለሆነች አንቱ አልላትም፤ እሷም አትለኝም። አንድ ሱሪ አሳጥራልኝ ታውቃለች፤ ሱሪው አለቀ፣ ስፌቱ ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም። ባንክ ብላ ስም ያወጣችላት የገዛ ታላቅ እህቷ ናት። ገንዘብ ይገባል እንጂ አይወጣም ለማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በልጅነታቸው ሁለቱ እህትማማቾች አንድ የልብስ ስፌት መኪና በጋራ ሊገዙ፣ የሰው ልብስ እያጠቡ ሳንቲም አጠራቀሙ። ግርግር መጣና ሰፈሩ ሲሸሽ ታናሽየዋ ሳንቲሙን በአፈ ሰፊ ጠርሙስ አድርጋ፣ አፉን በሰም ደፍና ግቢው ውስጥ ቀበረችው። ሲመለሱ ምልክት ያደረገችው ዛፍ ተቆርጧል፣ አጥሩ ፈርሷል፣ ግቢውን አናጢ ይዞታል። እዚህ ቆፈረች፣ የለም። እዚያ ቆፈረች፣ የለም። ታላቅየዋ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ «በልተሽዋል።»

ከዚያ ወዲህ ግድግዳ እየተጋሩ የሚነጋገሩት በሰው በኩል ነው። «ለባንክ ንገሯት፣ እጣቢዋ ደጄ ድረስ መጥቷል!» ስሙ ሰፈሩን ያዘ። ሕፃኑም ሽማግሌውም ባንክ ይላታል። ሰው ይስቃል፤ እሷ አንገቷን ደፍታ የስፌት መኪናዋን ትነዳለች።

ሳንቲሙማ ከገበያ ከወጣ ስንት ዘመኑ! ዛሬ ለለማኝ ብትሰጠው ይረግምሃል። ስም ግን ከገበያ አይወጣም።

ታዲያ አናጢው ግቢውን ሰኞ በሲሚንቶ ሊያስነጥፍ ነው ተባለ። እማማ ባንክ ይህን ስትሰማ እጇ ላይ ያለው ጨርቅ ወደቀ። ሲሚንቶ ከፈሰሰበት «በልተሽዋል» የሚለው ቃል ለዘላለም ተለሰነ ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት ቧንቧ ሠራተኛውን ጠራችው። እሱ መሬት ውስጥ ያለ ብረታ ብረት የሚያሸት ማሽን አለው፤ በትርፍ ሰዓቱ ቀለበት ለጠፋበት፣ ጉትቻ ለወደቀባት ይፈልጋል።

«እማማ፣ አያስቡ» አላት፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እየደፋ። «የአናጢ ግቢ ምስማር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማሽኑን ብረት አትስማ ብየዋለሁ። ሳንቲም ግን መዳብ ነው፤ ካለ ይጮሃል።»

ጠዋቱን ሙሉ ዞረ። የቢራ ጣሳ ተገኘ፤ የነሐስ ቧንቧ አፍ ተገኘ። ታላቅየዋ በርጩማዋን አውጥታ ደጇ ላይ ተቀምጣ ታያለች። ከዚያ ለአናጢው፣ ግን ሰፈሩ እንዲሰማ፣

«ለባንክ ንገሯት፣ ሆድ ውስጥ የገባ መሬት ውስጥ አይገኝም!» አለች።

ቧንቧ ሠራተኛው ማዳመጫውን አወለቀ። «እማማ፣ ይቅርብዎ። ቢኖር ኖሮ ይጮህ ነበር።»

እማማ ባንክ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። አንገቷ ላይ በክር ያንጠለጠለችው ማግኔት አለ፤ የወደቀ መርፌና ስፒል የምትለቅምበት። ጎንበስ ስትል ማግኔቱ አንድ የዛገ ምስማር ከመሬት አንስቶ ደረቷ ላይ ጠቅ አደረገ። ምስማሩን አየችው። ልጅ ሆነው ከተሰበረ ራዲዮ ባወጡት ማግኔት ሳንቲሞቹን እያነሱ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሲንጠለጠል እንደ ሐብል አንገታቸው ላይ እየለኩ የሚስቁት ሳቅ ድንገት መጣባት።

«አንተ! ሳንቲሞቹን እኮ ማግኔት ያነሳቸው ነበር!»

«እና?»

«እናማ ብረት ናቸው! ማሽንህን ብረት አትስማ ብየዋለሁ አላልክም?»

ሰውዬው እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «ወይ ጉድ! አፉን በእጃችን አፍነን ነው ለካ ለምን አይመልስልንም ስንል የዋልነው!»

ማዞሪያውን ወደ ኋላ መለሰው። ግቢው ጮኸ! አንዱ ምስማር ሳይጨርስ ሌላው ይቀማል። ማዳመጫውን እንደ ጋለ ድስት ወረወረው። «በዚህ ጫጫታ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። የሳንቲሙን ድምፅ ሳላውቅ እንዴት ልፈልገው? አንድ እንኳ አልቀረዎትም?»

አንድ ቀርታለች። ታላቅየዋ ለምስክርነት ብላ ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጥራ ይዛታለች። እማማ ባንክ አቧራዋን አራገፈችና ሄዳ እፊቷ ቆመች።

«እትዬ፣ ሳንቲምሽን አውሺኝ።»

አናጢው መጋዙን አቆመ።

«ይቺንም ልትበያት?» አለች ታላቅየዋ።

«በየትኛው ጥርሴ?»

ታላቅየዋ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው። ቋጠሮውን ግን ፈታች።

ከግቢው ውጪ፣ ምስማር የሌለበት አፈር ፈልገው ሳንቲሟን ቀበሯት። ማዳመጫውን እማማ ባንክ ራሷ አጠለቀች። ክር ሊበጠስ ሲል መኪናዋ የምታሰማውን የምትለይ ጆሮ ናት፤ እዚህ ልትሰንፍ? «ጉልበቱን ቀንሰው፣ ይጮህብኛል» ትላለች። ሰውዬው ይቀንሳል። «አትሩጥ፣ ቀስ አድርገህ አወዛውዘው።» ቀስ ያደርጋል። ከዚያ ምስማር ጣለችና ያንንም ሰማችው። ፊቷ በራ።

«ገባኝ! ምስማር ይንተባተባል። ሳንቲም ቃሉን ይጨርሳል።»

ገቡ። ሰውዬው ያወዛውዛል፣ እሷ አጠገቡ እየሄደች ትሰማለች። መንተባተብ። መንተባተብ። የአናጢው ሳንቃ ክምር ጋ ሲደርሱ ግን አንድ ረጅም፣ ሙሉ ድምፅ መጣ፤ የጠገበ ሰው ግሳት ይመስል። «እዚህ!» አለች። አናጢው እያጉረመረመ ሳንቃውን አነሳ። ቧንቧ ሠራተኛው ቆፍሮ ክንዱ እስከ ክርኑ ሲገባ አካፋው ቋ አለ።

«አካፋህን አንሳ!» ብላ ገፈተረችውና በጥፍሯ ጫረች። ጠርሙስ። ሰሙ እንዳለ። ውስጡ ጢም ያለ ሳንቲም፤ ግማሹ ዝጓል፣ ግማሹ ዛሬ ከባንክ የወጣ ይመስላል፣ ከእውነተኛው ባንክ ማለቴ ነው።

አቅፋው ግቢውን ስታቋርጥ ሰፈሩ አጨበጨበ። እኔ ራሴ የዚያን ቀን ብኖር ድምፄ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር። ጠርሙሱን እህቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው፤ የተበደረቻትንም ሳንቲም ከላዩ ጣል አደረገች።

«እንኪ። ባንክ ተከፍቷል፤ ቁጠሪ!»

ታላቅየዋ አልቆጠረችም። ጠርሙሱን በሁለት እጇ ያዘችው። ይቅርታ የሚባል ቃል ከዚያች ሴት አፍ ወጥቶ አያውቅም።

ቧንቧ ሠራተኛው ጉሮሮውን ጠረገና ዋጋውን ተናገረ። ታላቅየዋን የማያውቅ ይጠይቅ፤ ለአንድ ጭብጥ ሽንኩርት ባለሱቁን የምታስለቅስ ናት። ከብብቷ ቦርሳዋን አወጣች፣ የተጠራውን እንዳለ አንስታ ሰጠችው።

እማማ ባንክ ደነገጠች። «እትዬ፣ ተከራከሪው እንጂ! ውድ ነው እኮ!»

«ዝም በይ አንቺ። ዕዳው የኔ ነው» አለቻት፣ ራሷ በአፏ፣ ሰው መሐል ሳይገባ።

ቧንቧ ሠራተኛው ታዲያ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። «ምነው እጥፍ በጠራሁ!» ይላል።