ከእናቴ ማሳ የመጣ አፈር

አፈሩ የደረሰኝ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን በነጭ የዱቄት ከረጢት ነው። መንገዱ ክፍት የሆነበት ሳምንት ስለነበር እናቴ ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ አንድ የአገራችን ነጋዴ ሰጥታው፣ ጀሞ ታክሲ መያዣው አጠገብ ተቀበልኩት።

«ስጭነው ጤፍ መስሎኝ ነበር» አለኝ ሰውየው ከረጢቱን እያቀበለኝ። «አዲስ አበባ አፈር አለቀ እንዴ?»

«የቤቱን አፈር ፈልጌ ነው።»

«ታዲያ አፈሩ ከሚመጣ አንቺ አትሄጂም?»

ሳቄ መጣ። ግን ከረጢቱን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ ፉሪ ድረስ ስሄድ ንግግሩ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

አፈሩ የተዛቀው ከቤታችን በታች፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው የባቄላ ማሳ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ ባቄላው ከወገቤ በላይ ይቆም ነበር። አበባ ሲይዝ፣ ከቅዳሴ ስንመለስ ሽታው መንገዱ ላይ ይቀበለናል። የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን፣ የጾሙ ሽሮ፣ በመስከረም የምንቆረጥመው እሸት ሁሉ ከዚያ ነበር የሚመጣው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ተክሉ ከጉልበት አልዘል አለ። ገና በለጋነቱ ይገረጣል፤ ቢያፈራም እዚህም እዚያም ነው። የግብርና ሰዎች «መሬቱ አሲድ ሆኗል» አሉ። ዝናቡ እያጠበው፣ እኛም ሳናሳርፍ እያረስነው ጉልበቱ አልቋል። ጎረቤቶቻችን ባቄላውን ትተው ዲከረንስ የሚሉትን የከሰል ዛፍ ተከሉ። ዛፉ እንዲህ ያለውን መሬት አይንቅም። ባለፈው ስሄድ ልጅ ሆኜ የማውቀው ሜዳ ደን ሆኖ፣ የራሴን ቤት ጣራ ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

ታናሽ ወንድሜ በስልክ፣ «እታለም፣ በዚህ ክረምት እኔም ልተክል ነው። ባቄላው ዘሩን እንኳ አልመለሰም» አለኝ።

ከጀርባው የእናቴ ድምፅ ይሰማል። «እኔ ቆሜ ዛፍ አታስገባብኝም! ለሷም ንገራት!»

«ሰማሽ? እንግዲህ አንቺ አዲስ አበባ ተቀምጠሽ መድኃኒት ካገኘሽለት ንገሪኝ። እስከ ግንቦት እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ችግኝ ማዘጋጀቴ ነው።»

እንደ ቀልድ ነው ያለው፤ እኔ ግን እንደ ቀልድ አልያዝኩትም። ለቡ መብራት ኃይል አንድ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው፤ ቤቴ ፉሪ አንዲት ክፍል ኪራይ ናት። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም። «አገሬ እገባለሁ» ስል በዓይኔ የሚመጣው ያ ማሳ ነው። እሱ ጫካ ከሆነ፣ እናቴም አንድ ቀን ካለፈች፣ ወደ ወንድሜ ቤት በእንግድነት የምሄድ ሰው መሆኔ ነው። ለዚህ ነው አፈሩን ያስመጣሁት። በዓይኔ ሳላይ ለወንድሜ «ይሆናል» ብዬ መናገር አልፈለግሁም።

አከራዬ እማማ ከጥንት ጀምሮ እዚያው ፉሪ ሲያርሱ የኖሩ ናቸው። እርሻቸው ቤት ተሠርቶበት አልቆ፣ የቀራቸው ግቢያቸውና አንዲት ላም ናት። ከረጢቱን ደጃፌ ላይ አስቀምጬ ውሃ ልቀዳ ሄጄ ስመለስ፣ እማማ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን በአፈሩ ያሻሉ።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ከገዳም የመጣ እምነት አይደለም እንዴ? አንቺ እንደሁ ጸበልና እምነት ከቤትሽ አይጠፋም። ለአሮጊት ጉልበት ተሰሰተ?»

«ኧረ የባቄላ ማሳ አፈር ነው! ያውም የታመመ አፈር።»

እጃቸውን አቆሙና አዩኝ። «ማሎ! በሽተኛ ለበሽተኛ ነው የላክሽልኝ?» ብለው ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። ነገሩን ስነግራቸው ግን ሳቁን ተዉት። «የኔ መሬት ጤነኛ ነበር» አሉ። ከላማቸው ፍግ እንድወስድ ፈቀዱልኝ።

ቢጫ ጄሪካኖች ለሁለት ቆረጥኩና መቀመጫቸውን በስቼ አፈሩን ሞላሁባቸው። አንዱን እንዳለ ተውኩት። አንዱ ውስጥ የምድጃ አመድ፣ አንዱ ውስጥ የበሰበሰ ፍግ ቀላቀልኩ። ለመጨረሻው ለቡ ካለ የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ኖራ ገዛሁ። የግብርና ሰዎቹ «አሲድ የሚያበርደው ኖራ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁና ሁለት እፍኝ ሙሉ ጨመርኩበት። እናቴ ከአፈሩ ጋር የላከችውን ባቄላ በዚያው ቀን ዘርቼ፣ አማተብኩና ግድግዳው ሥር ደረደርኳቸው።

አመድና ፍግ ያለባቸው ወጡ። ምንም ያልተጨመረበት ባዶው አፈር ላይ ያለውም ወጣና እንደ ማሳው ገረጣ። ተስፋ የጣልኩበት የኖራው ጄሪካን ግን ጭራሽ ዝም አለ። ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ማታ ስገባ አየዋለሁ፤ ነጭ አፈር ብቻ። ወንድሜ ደውሎ «አፈርሽ ምን አለ?» ሲለኝ እውነቱን ነገርኩት። ውሸት አልችልበትም፤ ያን ቀን ግን ብችልበት ደስ ባለኝ። ደግነቱ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ አብሮት ነበርና ስልኩን ሰጠው።

«እህቴ፣ የምን ኖራ ነው ያደረግሽበት?»

«ቤት የሚቀባበት።»

«ምን ያህል?»

«ሁለት እፍኝ። በዚያው ቀን ዘራሁበት።»

«በስመ አብ! ንፍሮ ነው የሠራሽው እኮ!» ወንድሜ ከጎኑ ሲስቅ ይሰማኛል። «ያ የተቃጠለ ነው፣ ኃይለኛ ነው። ለእርሻ የሚሆነው እንዲሁ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። እሱም ከዘር በፊት ገብቶ፣ ታርሶ፣ ከአፈሩ ጋር መሰንበት አለበት። ፍግም ካገኘሽ ጨምሪበት።»

አፍሬ ስልኩን ዘጋሁ። ያን ኖራ በሰው እጅ የሚልክልኝ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ብዙ ሳይቆይ ግን በሌላ መንገደኛ እጅ ያን የእርሻ ኖራ የያዘች ትንሽ ፌስታል መጣችልኝ። የላከው ወንድሜ ነው። «ሽሮ እንዳይመስልሽ፣ እንዳትበዪው» አለኝ በስልክ። ለምን እንደላከው አልጠየቅሁትም።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ባቄላ ያልበቀለበትን አፈር ወዲያ ትቼ፣ ከከረጢቱ የተረፈውን ከኖራውና ከፍጉ ጋር አዋሕጄ፣ እያረጠብኩና እያገላበጥኩ ሰነበትኩ። ምንም የማይታይበት ነገር መንከባከብ ይከብዳል። እማማ ሲያልፉ «ዛሬም አፈር እያጠመቅሽ ነው?» ይሉኛል። ሆሣዕና ሲቃረብ ዘራሁ።

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት የገበያ ባቄላ ፈትጌ ከስንዴ ጋር ቀቅዬ ጉልባን ሠራሁ። ለአንድ ሰው መሥራት አሁንም አለመድኩም፤ ድስቱ ሞላ። ለእማማ ወሰድኩላቸው፤ ወደ ልጃቸው ሄደው አጣኋቸው። የግቢው ተከራዮችም አልገቡም። ደጃፌ ላይ ከጄሪካኖቹ ጎን ተቀምጬ እየዘገንኩ በላሁ። አዲሱ ኖራ ባለበት አፈሩ ተሰንጥቆ፣ አንድ የጎበጠ አረንጓዴ አንገት ብቅ ብሎ ነበር። ከዚያ ቀን ሌላ የማስታውሰው ብዙ ነገር የለኝም።

ግንቦት ሲገባ ልዩነቱ ማንም የሚያየው ሆነ። ባዶው አፈር ላይ የተዘራው በጣት የሚለካ ቢጫ ነገር ነው። አመዱም ፍጉም ይሻላሉ። ኖራና ፍግ ያለበት ግን ግንዱ የእርሳስ ያህል ወፍሮ፣ ቅጠሉ ጠቁሮ ቆሟል። ልቤ እየሳሳ አንድ አንድ ነቀልኩ። የባዶው ሥር አጭርና ዱልዱም፣ ምንም ያልያዘ ነው። የደህናው ሥር ላይ ጥቃቅን እንክብሎች ተለጥፈዋል። አንዱን በጥፍሬ ብሰነጥቀው ውስጡ ሥጋ መስሎ ቀላ። ሥሮቹን ጎን ለጎን አጋድሜ ፎቶ አነሳሁና ለወንድሜ ላክሁ።

ማታ ደወለ። «ለባለሙያው አሳየሁት። ያ እንክብል ካለ ባቄላው ራሱን ይመግባል አለኝ።»

«እንግዲያው ዛፉ ቀረ?»

«እታለም፣ መሬቱስ ይድናል። ማን ያርመዋል?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«እናታችን ጎንበስ ብላ ቀና ማለት አቅቷታል። እኔ ቀኑን ሙሉ የጎረቤቶቻችንን ከሰል ሳከስል እውላለሁ። አንቺ እዚያ ነሽ። ዛፍ ሰው አይፈልግም፤ ተክለሽው ትሄጃለሽ። ባቄላ ግን ሰው ይፈልጋል።»

«እደውልልሃለሁ» አልኩት። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። በየዓመቱ የሥራ ፈቃዴን የምወስደው ለፍልሰታ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ሳልወጣ ሱባኤ እይዛለሁ። ዓመቱን ሙሉ ካርድ ሳወጣና ስመልስ የምጠብቀው እሱን ነው። ነሐሴ ደግሞ ባቄላ የሚታረምበት ጊዜ ነው። የንስሐ አባቴን ሄጄ ጠየቅኋቸው። «አረሙን ስትነቅይ ውዳሴ ማርያም መድገም ያቅትሻል?» አሉኝ።

ለወንድሜ ደውዬ «እኔ አርመዋለሁ» አልኩት።

የተገኘው ኖራ ለግማሽ ማሳ ብቻ ነበር የሚበቃው። ወንድሜ በግንቦት በትኖ ሁለቴ አረሰው። እናቴ በተሰነጠቀ ጋን ያጠራቀመችውን አመድና ፍጉን ጨመረችበት። በሰኔ መጨረሻ ዘሩት።

በፍልሰታ ደረስኩ። ኖራ የገባበት ባቄላ የአባቴን ዘመን ባያህልም ገና ከአሁኑ ጉልበቴን አልፏል። እናቴ ድንበሩ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ተቀምጣ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ፣ «ያችን ዘለልሻት» ትለኛለች፤ ተመልሼ እነቅላለሁ። ወገቤን ሳስታምም፣ «የከተማ ወገብ!» ብላ ትስቃለች። ሱባኤው በዚህ መልክ ነው ያለፈው።

ልመለስ ስል ወንድሜ ከቤቱ ጥግ የዲከረንስ ችግኝ ተሸክሞ መጣ። ፊቴን አየና፣ «ለግማሹ ብቻ ነው። አንድ ሰው ከግማሽ በላይ አያርምም» አለኝ። ልክ ነው። ችግኙን አንድ በአንድ እያቀበልኩት ተከለ። ከባቄላው ጋር የሚያዋስነው መስመር ላይ ስንደርስ ችግኙን አንድ እርምጃ ወደ ራሱ ሳበና ጥላው እንዳይደርስ ራቅ አድርጎ ቆፈረ።

«ለከርሞስ?» አለኝ እጁን እያራገፈ።

«እግዚአብሔር ከፈቀደ።»

«እግዚአብሔርማ ይፈቅዳል። አንቺስ?»

እናቴ ከድንበሩ ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

«እመጣለሁ» አልኩ።

ፉሪ ስገባ እማማ በሩን ከፈቱልኝና ጭቃ የያዘ ጫማዬን አዩ። ጉልበታቸውን እየነኩ «አመጣሽልኝ?» አሉኝ። ከቦርሳዬ በወረቀት የጠቀለልኩትን አፈር ሰጠኋቸው። «ይኼኛው ድኗል» አልኳቸው። ከዚያ ክፍሌ ገባሁ። የሚቀጥለው ፍልሰታ ገና ሩቅ ነው።